ሐዘንተኛና ትዝታው፦ ያለፈውን ማስታወስና ጥቂት መጫወት ለምን ያጽናናል?

ሞት በገባበት ቤት ጨዋታ አይታሰብም። ሬዲዮኑ ይዘጋል፤ ቴሌቪዥኑ አይከፈትም፤ ዕቃው ወደ ጥግ ተገፍቶ ለለቀስተኛ መቀመጫ ይዘጋጃል። ይህ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ቤት የተለመደ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ለቀስተኛው ወደየቤቱ ሲመለስ ሐዘንተኛው ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። አንድ ሰው በተናገረው ቀልድ ሳያስበው ይስቃል፤ ወይም ሟቹ ይወደው የነበረውን ዘፈን ሳይታወቀው ያንጎራጉራል። ወዲያውም ይደነግጣል። «የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ እንዴት እስቃለሁ?» እያለ ራሱን ይወቅሳል። ጎረቤት አይቶ ካማው ደግሞ ወቀሳው እጥፍ ይሆንበታል።

ለመሆኑ ይህ ሳቅና ይህ እንጉርጉሮ ሟቹን መርሳት ነውን? ሐዘንተኛ በትርፍ ጊዜው ቢጫወት፣ ያለፈውን ደስታ እያነሣ ቢያወጋ ሐዘኑን አቃለለ ይባላልን? በዚህ ጽሑፍ የሥነ ልቦናና የአንጎል ሳይንስ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጡትን መልስ እንመለከታለን። ምሳሌዎቻችንን የምንወስደው ከደቡብ ወሎ፣ በተለይም ከደሴና ከኮምቦልቻ ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉን። አንደኛው፣ ያለፈውን በዜማ የመናፈቅ ባህል በወሎ ሥር የሰደደ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በሁለቱ ከተሞች ብዙ ቤቶችን ለሐዘን በመዳረጉ፣ ጉዳዩ ለአካባቢው ነዋሪ ከመጽሐፍ ዕውቀት ያለፈ መሆኑ ነው።

ሐዘን በአካላችን ውስጥ

ሐዘን የስሜት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ይኖራል። ይሁን እንጂ መላ ሰውነትን የሚነካ ክስተት ነው። አንድ ሰው የቅርብ ወዳጁን ሲያጣ አንጎሉ ሁኔታውን እንደ ከባድ አደጋ ይቆጥረዋል። በአንጎል ሥር የሚገኘው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ መልእክት ይልካል፤ ፒቱታሪም በተራው በኩላሊቶች አናት ላይ የተቀመጡትን የአድሬናል ዕጢዎች ያነቃል። ከእነዚህ ዕጢዎች የሚመነጨው ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ለአጭር ጊዜ ጠቃሚ ነው፤ ኃይል ይሰጣል፣ ንቁ ያደርጋል። መጠኑ ከፍ እንዳለ ለሳምንታትና ለወራት ሲቆይ ግን እንቅልፍን ያዛባል፣ የምግብ ፍላጎትን ያውካል፣ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያዳክማል። ሐዘንተኞች «ሰውነቴ ዛለ፣ እህል አልወርድ አለኝ» ማለታቸው ስለዚህ ከምሬት ብቻ የመጣ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። በእ.ኤ.አ. 2008 የአንጎል ተመራማሪዋ ሜሪ ፍራንሲስ ኦኮነርና ባልደረቦቿ የሟች ዘመዳቸውን ፎቶግራፍ ለሐዘንተኛ ሴቶች እያሳዩ አንጎላቸውን በኤምአርአይ መሣሪያ አጥንተው ነበር። ሐዘናቸው ሊበርድ ባልቻለ ሴቶች ላይ፣ ከደስታና ከምኞት ጋር የተያያዘው ኒውክሊየስ አከምበንስ የተባለው የአንጎል ክፍል ጎልቶ ሲሠራ ታየ። ይህም አንጎል የሄደውን ሰው እንደሚመጣ አድርጎ መጠበቁን ገና እንዳላቆመ የሚጠቁም ነው። ማዘን ማለት እንግዲህ በአንድ በኩል አንጎል «ይህ ሰው ከእንግዲህ አይመጣም» የሚለውን እውነት ቀስ በቀስ የሚማርበት ሂደት ነው። ትምህርት ደግሞ ዕረፍት ይፈልጋል።

ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ሐዘን

በእ.ኤ.አ. 1917 ሲግመንድ ፍሮይድ ስለ ሐዘን ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሐዘንተኛ ከሟቹ ጋር ያስተሳሰሩትን ክሮች አንድ በአንድ እያነሣ መፍታት እንዳለበት አስረድቶ ነበር። ይህ አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል። በዚህ አመለካከት ከሐዘን ዘወር ማለት ሥራን እንደመሸሽ ይቆጠር ነበር።

በእ.ኤ.አ. 1999 በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተለየ ማብራሪያ አቀረቡ። እንደ እነርሱ አባባል ጤናማ ሐዘን በሁለት አቅጣጫዎች መካከል ይመላለሳል። አንደኛው ወደ ሞቱ የሚያይ ነው፤ ሐዘንተኛው ያለቅሳል፣ ይናፍቃል፣ ፎቶግራፍ ያያል። ሁለተኛው ወደ ቀሪው ሕይወት የሚያይ ነው፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ሟቹ ይሠራው የነበረውን ሥራ ይለማመዳል፣ ከሰው ጋር ይጫወታል። ሰው በአንደኛው ብቻ ተቸንክሮ ሲቀር ይጎዳል። ሌት ተቀን የሚያለቅስም፣ ከቶ ላለማልቀስ በሥራ ራሱን የሚቀብርም ሁለቱም መንገድ ስተዋል። እነዚሁ ተመራማሪዎች ከሐዘን ጥቂት ጊዜ ዕረፍት መውሰድ የማገገሙ ሂደት አንድ ክፍል መሆኑን በግልጽ አስፍረዋል።

ስለ ሳቅም የተደረገ ጥናት አለ። ጆርጅ ቦናኖና ዳቸር ኬልትነር የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ያጡ ሰዎችን ከሞቱ 6 ወር ገደማ በኋላ አነጋግረው የፊታቸውን እንቅስቃሴ በቪዲዮ መረመሩ። በእ.ኤ.አ. 1997 ባወጡት ውጤት መሠረት፣ ስለ ሟቹ ሲናገሩ ከልብ የሚስቁት ሰዎች ከማይስቁት ይልቅ ጭንቀታቸው አነስተኛ፣ ከሌሎች ጋር ያላቸው ግንኙነትም የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች ሟቹን አልረሱም፤ የሳቁት ስለ እርሱ እየተናገሩ ነውና።

የወሎ የሐዘን ሥርዓት ምን ያውቃል?

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ሥርዓት መለስ ብለን ብናይ፣ ሳይንሱ ዘግይቶ የደረሰበትን ጉዳይ ባህሉ አስቀድሞ በቀን ቆጥሮ አስቀምጦት እናገኛለን። በሌላ አካባቢ ዕድር የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር በወሎ ቅሬ ይባላል። ቅሬ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ መዝገብ የሚያቅፍበት ሰፈር ብዙ ነው። የቅሬው አባላት መቃብር ይቆፍራሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ እህል ውሃ ያቀርባሉ፣ ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተዉትም።

ሐዘኑ ግን ወሰን አለው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያኖች ዘንድ ሰልስት፣ ሰባት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት እየተባለ ሟቹ የሚታሰብባቸው ቀኖች በየመካከላቸው ያለው ርቀት እየሰፋ ይሄዳል። በእስልምና ደግሞ ሐዘን ከሦስት ቀን እንዳያልፍ ይመከራል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ግን አራት ወር ከዐሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች። ሁለቱም ሥርዓቶች ለሐዘንተኛው የሚሰጡት መልእክት ተመሳሳይ ነው፦ የምታዝንበት ቀን አለህ፤ ወደ ሕይወትህ የምትመለስበትም ቀን አለህ። ይህ በስትሮብና በሹት ከቀረበው የመመላለስ ሐሳብ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል።

እንግዲህ ሐዘንተኛ በሳቀ ጊዜ የሚያማ ጎረቤት ባህሉን የጠበቀ ይመስለዋል እንጂ የባህሉን ግማሽ ብቻ ነው የያዘው።

ናፍቆት፦ ከበሽታ መዝገብ ወደ ስንቅነት

ምዕራባውያን ኖስታልጂያ የሚሉት ቃል የተፈጠረው በሕክምና ተማሪ ነው። በእ.ኤ.አ. 1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት በስዊዘርላንድ በባዝል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ሰዎች የሚደርስባቸውን ልቅሶ፣ የእንቅልፍ እጦትና የምግብ ጥላቻ ገልጾ፣ መመለስና ሕመም የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት ለበሽታው ስም አወጣለት። ከዚያም ወዲህ ለብዙ ዘመናት ናፍቆት በሐኪሞች ዘንድ በበሽታነት ሲታይ ኖረ።

ይህ አመለካከት በዘመናችን ተለውጧል። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሆኑት ቲም ዋይልድሹትና ኮንስታንቲን ሴዲኪደስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በእ.ኤ.አ. 2006 ተከታታይ ጥናቶችን አሳትመዋል። ከተገኙት ውጤቶች ሦስቱን እንጥቀስ። በመጀመሪያ፣ ሰዎች በብዛት የሚናፍቁት ከሚወዷቸው ሰዎች ጋር ያሳለፉትን ጊዜ ነው። ሁለተኛ፣ ትዝታ ብዙ ጊዜ የሚቀሰቀሰው ሰው ሲከፋውና ብቸኝነት ሲሰማው ነው። ሦስተኛ፣ ትዝታው ከመጣ በኋላ ሰዎች የበለጠ የተወደዱና ከሌሎች ጋር የተሳሰሩ ሆነው ይሰማቸዋል። በእ.ኤ.አ. 2008 በቻይና የተደረገ ጥናትም ይህንኑ አጠናክሯል፤ ብቸኝነት «ደጋፊ የለኝም» የሚል ስሜት ያመጣል፣ በዚያው መጠን ግን ትዝታን ይቀሰቅሳል፣ ትዝታውም የጎደለውን የድጋፍ ስሜት በከፊል ይመልሳል። ትዝታ እንግዲህ ሰው በብቸኝነት ጊዜ ከልቡ ጓዳ አውጥቶ የሚመገበው ስንቅ ነው ማለት እንችላለን።

በእ.ኤ.አ. 2012 የወጣ ሌላ ጥናት ለደሴ ሰው ልዩ ትርጉም ይኖረዋል። ተመራማሪዎቹ ሰዎች ከሞቃት ቀን ይልቅ በቀዝቃዛ ቀን አብዝተው እንደሚናፍቁ፣ ያለፈውን ሲያስታውሱም ያሉበት ክፍል ሞቅ ያለ ሆኖ እንደሚሰማቸው አሳይተዋል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርደን የምናገኛት ኮምቦልቻ 1850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር በየ100 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀዘቅዝ በሁለቱ ከተሞች መካከል የ4 ዲግሪ ሴልሲየስ ያህል ልዩነት ይኖራል። ይህን ስንል ደሴዎች ከኮምቦልቻዎች ይልቅ ናፋቂ ናቸው ማለታችን አይደለም። በክረምት ማታ፣ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ፣ ከምድጃ ዙሪያ የሚነሣ የድሮ ወግ ለምን እንደሚሞቅ ግን ጥናቱ ጥሩ ፍንጭ ይሰጠናል።

አምስት ድምፆች

በአማርኛ ትዝታ የሚለው ቃል የማስታወስ ስም ብቻ ሳይሆን የአንድ ቅኝትም ስም ነው። በአገራችን የታወቁት አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይባላሉ። ከእነዚህ ሁለቱ ስማቸው የወሎ ቦታ ስም ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ወደ አፋር ቆላ በሚወስደው መንገድ ላይ በገበያዋ የምትታወቅ ከተማ ናት፤ አምባሰል ደግሞ ከደሴ በስተሰሜን የሚገኝ ተራራማ ወረዳ ነው። የአምባሰልን ዜማ ለሰፊው ሕዝብ ካደረሱት ድምፃውያን መካከል የወሎዋ ማሪቱ ለገሰ በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች።

እያንዳንዱ ቅኝት በአምስት ድምፆች የተዋቀረ ነው። ሙሉ ትዝታ በዘመናዊው አጠራር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚባሉትን ድምፆች ይይዛል። ሚና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ግማሽ ትዝታ ይሆናል፤ ዜማውም ይበልጥ ይከፋል። በሁለት ድምፆች ላይ የሚደረግ ጥቂት ለውጥ አድማጩን ከለስላሳ ትካዜ ወደ ጥልቅ ሐዘን መውሰዱ የሚያስገርም ነው።

ሰው ታዲያ አዝኖ ሳለ የሚያሳዝን ዜማ ለምን ይመርጣል? በእ.ኤ.አ. 2014 ሊላ ታሩፊና ሽቴፋን ኮልሽ 772 ሰዎችን ስለዚሁ ጉዳይ ጠይቀው ነበር። አሳዛኝ ሙዚቃ ሲሰሙ በብዛት የሚያድርባቸው ስሜት መራር ሐዘን ሳይሆን ናፍቆት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት በእ.ኤ.አ. 2011 በካናዳ የተደረገ ጥናት፣ ሰዎች ሰውነታቸውን የሚያንዘፈዝፍ ተወዳጅ ሙዚቃ ሲሰሙ አንጎላቸው ዶፓሚን የተባለውን ቅመም እንደሚያመነጭ አረጋግጧል። ዶፓሚን ምግብ ስንበላና የምንወደውን ሰው ስናገኝ የሚሠራው የደስታና የምኞት ሥርዓት አንድ አካል ነው። ስለዚህ ሐዘንተኛ ትዝታ ከፍቶ ዕንባው ሲወርድ ሕመምና እርካታ በአንድነት እየተሰሙት ነው። «አልቅሼ ቀለለኝ» የሚለው የዘወትር አነጋገራችን ይህንኑ የሚገልጽ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከ10 እስከ 30 ዓመት ዕድሜያቸው የሆነውን ከሌላው ዘመናቸው አብልጠው ያስታውሳሉ። አንዲት አሮጊት ባለቤታቸው ሲሞቱ የመጨረሻዎቹን የሕመም ዓመታት ትተው የጫጉላውን ዘመን ዘፈን ቢያነሡ ሊገርመን አይገባም። በአንጎላቸው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ተጠብቆ የቆየው ያ ዘመን ነውና።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ

በደሴና በኮምቦልቻ ሐዘንተኛ በሚጠየቅበት ቤት ቡና አይቀርም። የወሎ ቡና ከዕጣኑ፣ ከምርቃቱና ከዱዓው ጋር ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሥርዓት ነው። በሳይንስ ዓይን ብናየው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ነገሮች አብረው ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ሽታ ነው። የምናየውና የምንሰማው መልእክት ሁሉ ወደ አንጎል ቅርፊት ከመድረሱ በፊት ታላመስ በተባለ መናኸሪያ በኩል ያልፋል። የሽታ መልእክት ግን ከአፍንጫ ተነሥቶ በሽታ እንቡጥ በኩል፣ ታላመስን ሳይረግጥ፣ ስሜትን ወደሚያስተናግደው አሚግዳላና ወደ ትውስታ ማዕከሉ አካባቢ በአቋራጭ ይደርሳል። የሚቆላ ቡናና የሚጤስ ዕጣን ሟቹ ከተቀመጠበት ጥግ ጋር በአንድ ጊዜ ትዝ የሚሉን ስለዚህ ነው። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ድረስ የሚቆይ ሰው ለወግ በቂ ጊዜ ያገኛል፤ መጀመሪያ ስለ ሟቹ ይለቀሳል፣ ቀጥሎ ስለ ደግነቱ ይወራል፣ በመጨረሻም ስለ ገበያና ስለ ዝናብ ጨዋታ ይነሣል። ሐዘንተኛው በአንድ ጀበና ውስጥ ወደ ሐዘኑ ሄዶ ወደ ኑሮው ይመለሳል። ሦስተኛው ሰው ነው። የታወቀ ድምፅ፣ በትከሻ ላይ ያረፈ እጅ፣ አብሮ መጠጣት የውጥረትን ስሜት ያረግባሉ።

እጅን የሚይዝ፣ እግርን የሚያንቀሳቅስ

ከትዝታ ቀጥሎ ሐዘንተኛን የሚረዳው ትርፍ ጊዜን መጠቀም ነው። በእ.ኤ.አ. 2009 በ1399 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤት፣ ደስ የሚያሰኝ የትርፍ ጊዜ ተግባር የሚያዘወትሩ ሰዎች ዝቅ ያለ የደም ግፊትና ዝቅ ያለ ኮርቲሶል እንደነበራቸው ያመለክታል። ጥናቱ ተግባሩ ጤናን አመጣ ወይስ ጤነኞቹ ናቸው የሚጫወቱት የሚለውን ለይቶ ባይፈታም ግንኙነቱ ግልጽ ነው።

ሁሉም ተግባር ግን አንድ ዓይነት አይሠራም። ዓይንና እጅን በአንድነት የሚይዝ ሥራ የተለየ ጥቅም አለው። በእ.ኤ.አ. 2009 ኤሚሊ ሆምስና ባልደረቦቿ ዘግናኝ ፊልም ያዩ ሰዎችን ከፍለው ከፊሎቹን ቴትሪስ የተባለውን የኮምፒዩተር ጨዋታ አጫወቷቸው። የተጫወቱት በቀጣዩ ሳምንት የፊልሙ አስፈሪ ምስሎች ሳይፈልጉ ወደ አእምሯቸው የመጡባቸው ጊዜያት ካልተጫወቱት ያነሱ ነበሩ። ምክንያቱ ምስልን የሚያስተናግደው የአእምሮ ክፍል አቅሙ የተወሰነ መሆኑ ነው፤ በአንድ ነገር ሲያዝ ለሌላው ቦታ ያንሰዋል። ስፌት መስፋት፣ ጥልፍ መጥለፍ፣ ጥጥ መፍተል፣ ገበጣና ዳማ መጫወት ከዚሁ ወገን የሚመደቡ ተግባራት ናቸው። እናቶቻችን በሐዘን ወቅት እንዝርታቸውን ሲያነሡ ከሥራ ፈትነት ለመራቅ ብቻ አልነበረም።

መንቀሳቀስም እንዲሁ ነው። ጠዋት በጦሳ ግርጌ ወይም በቦርከና ወንዝ ዳር መራመድ ሁለት ጥቅም ይሰጣል። የጡንቻ እንቅስቃሴው የሐዘን ውጥረትን ያላላል፤ የማለዳው ብርሃን ደግሞ በዓይን በኩል አልፎ የአንጎልን ሰዓት ያስተካክላል፣ የማታ እንቅልፍም ይሻላል። ሟቹ የሚደግፈውን የእግር ኳስ ቡድን ጨዋታ ከወዳጅ ጋር ሄዶ ማየትም ትዝታን፣ ጓደኛንና እንቅስቃሴን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያስገኛል።

በሌላ በኩል ዕረፍት እየመሰሉ የሚጎዱ ልማዶች አሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍን ያርቃል፤ እንቅልፍ ያጣ ሐዘንተኛ ሲቅም ሌሊቱ ይበልጥ ይረዝምበታል። አልኮልም ቶሎ ቢያስተኛ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ሁለቱም ሐዘኑን ለነገ ያቆዩታል እንጂ አያቀሉትም።

ትዝታ የሚመርበት ጊዜ

ትዝታ ሁሉ ያጽናናል ብንል አንባቢን እናሳስታለን። በእ.ኤ.አ. 2012 ባስ ፈርፕላንከን ባወጣው ጥናት፣ በተፈጥሯቸው መጨነቅ የሚያበዙ ሰዎች ያለፈውን ካስታወሱ በኋላ ጭንቀታቸው ሲጨምር ታይቷል። በእ.ኤ.አ. 2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በዕለት ኑሮ ውስጥ ሳይጠራ የሚመጣ ናፍቆት፣ በቤተ ሙከራ ታስቦበት ከሚጠራው ይልቅ መራርነቱ እንደሚያመዝን አሳይቷል።

ልዩነቱ የሚመጣው በምን እንደምናስታውስ ነው። አንድ ሐዘንተኛ የመጨረሻዋን ቀን ደጋግሞ ሲያስብ፣ «ምነው ሆስፒታል ቀድሜ በወሰድኩት፣ ምነው መንገድ እንዳይወጣ በከለከልኩት» እያለ ሲብሰለሰል ትዝታ ላይ አይደለም፤ ጸጸት ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ ሐሳብ መውጫ የለውም። ሟቹን በሕይወት ሳለ፣ ሲስቅ፣ ሲቆጣ፣ ልጅ ሲያስተምር የሚያስታውስ ግን ትዝታው ወደ ሰው ይወስደዋል። ስለዚህ አንድን ትዝታ ለመመዘን ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይበቃል፦ ስለ አሟሟቱ ነው ወይስ ስለ አኗኗሩ? ብቻችንን ነው ወይስ ከሌላ ሰው ጋር? ከትዝታው በኋላስ ወደ ዕለት ሥራችን መመለስ ችለናል?

ይህ በተለይ ከጦርነት በኋላ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎች በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር። በጥቅምት ወር ማብቂያ ጦርነቱ ራሱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ፤ እስከ ኅዳር ማብቂያም ሁለቱ ከተሞች በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆዩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው በወጉ አይቀበርም፤ ቅሬ አይሰበሰብም፤ ለቀስተኛ መንገድ ይዘጋበታል፤ የሟቹ ፎቶግራፍና ዕቃ ከቤቱ ጋር ይጠፋል። የደረሰበት ያልታወቀም ይኖራል። አሜሪካዊቷ ምሁር ፓውሊን ቦስ እንዲህ ያለውን፣ ሞቱም ሕይወቱም ያልተረጋገጠ ሰው የሚያስከትለውን ሐዘን እልባት ያጣ ሐዘን አድርጋ አጥንታዋለች። ለእነዚህ ሐዘንተኞች ዘግይቶም ቢሆን ለቅሶ መቀመጥ፣ ስም መጥራት፣ ከጎረቤትና ከዘመድ ፎቶግራፍና ወግ መሰብሰብ የተዘለለውን ደረጃ መመለስ ነው። መጽናኛ ትዝታ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ሐዘኑ ከዚህም በላይ ሲከብድ ባለሙያ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱ የበሽታዎች መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል የተራዘመ ሐዘንን በሕመምነት አካትቷል። ብርቱ ናፍቆቱና ሥቃዩ ከ6 ወር በላይ ሳይቀንስ ሲቀጥል፣ ከአካባቢው ባህል ከሚጠበቀው ሲያልፍና ሰውየውን ሥራ ሲያስፈታው እንደ ሕመም ይታያል። ሕይወቱን የማጥፋት ሐሳብ የሚመላለስበት ሐዘንተኛ ካለ ግን ስድስት ወር መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በደሴ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

አጽናኝ ምን ያድርግ?

ከላይ የተመለከትነው ሁሉ ለሐዘንተኛው ብቻ ሳይሆን ለጠያቂውም ይጠቅማል። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ብሎ መግባት ወጉ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ግን ይለያያል። «በቃ፣ እርሳው» ማለት አንጎል ሊፈጽመው የማይችለውን ትእዛዝ መስጠት ነው። «እንዴት ሞተ?» ብሎ መደጋገም ደግሞ ሐዘንተኛውን ወደ መጨረሻዋ ቀን መልሶ ይቸነክረዋል። ከሁለቱም የሚሻለው «በልጅነቱ እንዴት ያለ ሰው ነበር? የት ተዋወቃችሁ? ምን ይወድ ነበር?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ሳያቋርጡ መስማት ነው። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ፣ ከአርባው ወዲያ፣ የቤቱ ዝምታ በሚከብድበት ወቅት አንድ ቀን ቡና ተጣጡ ማለት በመጀመሪያው ቀን ከመምጣት አያንስም።

የሐዘንተኛው ሳቅ ከተሰማ ደግሞ ጎረቤት ደስ ይበለው። ያ ሳቅ ሟቹ የተረሳበት ምልክት አይደለም፤ የሟቹ ሕይወት ከሞቱ በልጦ መታሰብ የጀመረበት ምልክት ነው። ሬዲዮኑም ቀስ ብሎ ይከፈት፤ ትዝታ ቢመጣም ይሰማ።